የዴልፍቱን ጨርቅ ነጋዴ ለንደኖች እንዴት አመኑት?

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «አንቶኒ ቫን ሊቨንሁክ ዩኒቨርሲቲ ደጃፍ ያልረገጠ፣ ላቲን የማያውቅ የሆላንድ ጨርቅ ነጋዴ ነበር ይባላል። በውሃ ጠብታ ውስጥ ሺህ ምንተሺህ ፍጥረት አየሁ ብሎ ወደ ለንደን ሲጽፍ፣ እሱ ያየውን ያየ ሌላ ሰው አልነበረም። ታዲያ ሊቃውንቱ በምን አመኑት? ሳቁበት የሚባለውስ እውነት ነው? እኛስ ዛሬ በእርግጥ ማየቱን በምን እናውቃለን?»

ጠያቂያችን፣ ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ «ማይክሮስኮፑ ስንት እጥፍ ያጎላ ነበር?» ብሎ ነው። እሱንም እግረ መንገዴን እመልሳለሁ። የእርስዎ ጥያቄ ግን ይበልጣል።

ፍሬ ነገሩን ላስቀድም። ለንደኖች ወዲያው አላመኑትም። ሳቁበት የሚለውም የተጋነነ ነው። መጀመሪያ የሚያውቁት ሰው ዋስ ሆነለት። ከዚያ እነሱ ማጣራት የሚችሉትን ነገር ጻፈላቸው። ማጣራት ያቃታቸው ነገር ሲመጣ ምስክር አቀረበ። በስተመጨረሻ ራሳቸው ሠርተው አዩት። ከመጀመሪያው ደብዳቤ እስከዚያ ቀን አራት ዓመት ተኩል ገደማ ፈጅቷል።

አንድ ነገር አስቀድመን እናጥራ። ማይክሮስኮፕን የፈለሰፈው ሊቨንሁክ አይደለም። እሱ የተወለደው በ1632 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። በ1625 ሮም ላይ በማይክሮስኮፕ የታየ ንብ ተስሎ ታትሞ ነበር። በ1665 ደግሞ እንግሊዛዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ሮበርት ሁክ «ማይክሮግራፊያ» የተባለውን መጽሐፉን ለንደን ላይ አወጣ። እዚያ ውስጥ ያለችው ቁንጫ ከመጽሐፉ ተዘርግታ በምትወጣ ትልቅ ወረቀት ላይ ነው የተሳለችው። በቡሽ ስንጣሪ ውስጥ ያየውን ክፍልፋይ «ሴል» ያለውም እዚያው ነው። መጽሐፉ ተቸበቸበ። ስለዚህ ትንሽ ነገር ጎልቶ መታየቱ ለለንደን ሰው ብርቅ አልነበረም።

ቁንጫን ግን ሁሉም ሰው ያውቃታል። ነክሳዋለች። ሁክ ያደረገው የታወቀችውን ቁንጫ አጉልቶ ማሳየት ነው። ሊቨንሁክ በኋላ ያመጣው ወሬ ሌላ ነው። መኖሩን ማንም ያልጠረጠረው ፍጥረት አለ አለ። ለዚህ ዓይነት ወሬ ሥዕል ብቻ አይበቃም።

ሰውዬውም በፊልም እንደሚሳለው ምስኪን ባለሱቅ አልነበረም። በሆላንዷ ከተማ በዴልፍት ውስጥ የተከበረ ሰው ነው። በ1660 የከተማው ዳኞች ጽሕፈት ቤት ውስጥ ቋሚ ሥራ አገኘ። በ1669 በመሬት ቀያሽነት ብቁ ሆነ። በ1679 የወይን በርሜል መጠን ለካኝ ሆኖ ተሾመ። ሠዓሊው ቨርሜር ዕዳ ጥሎ ሲሞት ንብረቱን እንዲያጣራ ከተማው የመረጠው እሱን ነው። ቀያሽና ለካኝ መሆኑን ልብ ይበሉልኝ፤ በኋላ ቁጥር ውስጥ ስንገባ ይጠቅመናል።

መሣሪያውን በቅርበት ልንገርዎ። ሁለት ስስ የናስ ወይም የብር ሰሌዳዎች ናቸው። ቁመታቸው 5 ሴንቲሜትር ገደማ። ሁለቱ ተጣብቀው ተበስተዋል። በቀዳዳው መካከል ከምስር ፍሬ የምታንስ አንድ ሌንስ ተቀርቅራለች። በጀርባው በኩል ሹል መርፌ አለ፤ የሚታየው ነገር ጫፉ ላይ ይሰካል። መርፌውን ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚያንቀሳቅሱ ትንንሽ ብሎኖች አሉ። በቃ ይኸው ነው። ማስቀመጫ የለው፣ ቱቦ የለው። ሰሌዳውን ሽፋሽፍትዎ እስኪነካው ድረስ ወደ ዓይንዎ ያስጠጉና ፊትዎን ወደ ብርሃን ያዞራሉ። ትንፋሽዎን መያዝም አለብዎት። ደህና አድርጎ የተሰካለትን ነገር መንቀል ስለማይወድ ሌላ ነገር ማየት ሲፈልግ ሌላ ማይክሮስኮፕ ይሠራል። በዕድሜው ሙሉ የሠራቸው 500 አካባቢ ይሆናሉ።

ይህን መሣሪያ ይዞ አንድ ሰው ዴልፍት ውስጥ ተቀምጧል። ከለንደን ጋር ማን አገናኘው?

እዚህ ላይ እኔ ከሊቨንሁክ እኩል የምወደው ሰው ይመጣል፤ ሄንሪ ኦልደንበርግ። የብሬመን ተወላጅ ጀርመናዊ ነው። ሮያል ሶሳይቲ የተባለው የለንደን ሊቃውንት ማኅበር ጸሐፊ ነበር። ሥራው በአንድ ቃል ደብዳቤ ነው። ከፓሪስ ይጻፍለታል፣ ከዳንዚግ ይጻፍለታል፣ ከጣሊያን ይጻፍለታል። ይተረጉማል፣ በስብሰባ ላይ ያስነብባል፣ መልስ ይጽፋል፣ ያልጻፈውንም «እስቲ ምን ሠራህ?» ብሎ ይነዘንዛል። በመጋቢት 1665 የጀመረው «ፊሎሶፊካል ትራንዛክሽንስ» የተባለው መጽሔት ዛሬም ይታተማል።

ያ ሁሉ ደብዳቤ አደጋም ነበረው። በ1667 እንግሊዝና ሆላንድ ጦርነት ላይ ሳሉ ተጠርጥሮ ለንደን ታወር ውስጥ ታሰረ። ሁለት ወር ገደማ ቆይቶ ወጣ። ደብዳቤዎቹ የሚላኩለት «ግሩቤንዶል፣ ለንደን» በሚል አድራሻ ነበር። የስሙን ፊደላት አዘበራርቆ የፈጠረው ስም ነው። በዚህ ስም የመጣ ደብዳቤ የመንግሥት ሚኒስትሩ ቢሮ ደርሶ የፖስታ ክፍያ ሳይከፈልበት ለእሱ ይሰጠዋል፤ በምላሹ እሱ ከውጭ የሰማውን የፖለቲካ ወሬ ለቢሮው ያቀብላል። ያኔ የፖስታ ሂሳብ የሚከፍለው ተቀባዩ ስለሆነ፣ በሳምንት ይህን ያህል ደብዳቤ የሚቀበል ሰው ያለዚህ ዘዴ ይከስር ነበር።

ለእኛ ሰው የሚሆን አንድ ነገር ልጨምር። ይኸው ሮያል ሶሳይቲ ስለ ዓባይ ምንጭ ለማወቅ ጓጉቶ፣ ኢትዮጵያ የነበረው ኢየሱሳዊ ጄሮኒሞ ሎቦ የጻፈውን አስተርጉሞ በ1669 በእንግሊዝኛ አሳትሟል። በዚያው ዘመን አባ ጎርጎርዮስ ዘመካነ ሥላሴና ጀርመናዊው ሉዶልፍ በግዕዝ ይጻጻፉ ነበር። ግሽም ሆነ የዴልፍት ኩሬ፣ ወደ አውሮፓ ሊቃውንት ጠረጴዛ የሚደርሰው በአንድ መንገድ ነበር፤ የታመነ ሰው በጻፈው ወረቀት።

ወደ ዴልፍት እንመለስ። እዚያ ሬይኒየር ደ ግራፍ የሚባል ወጣት ሐኪም ነበር። በሴት እንቁላል ማኅደር ጥናቱ ለንደን ላይ ይታወቃል። በሚያዝያ 1673 ለኦልደንበርግ ጻፈ። ሊቨንሁክ የሚባል ሰው እዚህ አለ፣ እስካሁን ካየናቸው የሚበልጡ ማይክሮስኮፖች ሠርቷል፣ እስቲ ጥያቄ ላኩለት አለ። የሊቨንሁክንም ጽሑፍ አብሮ ላከ። ሁለቱ አገሮች በዚያን ጊዜ እንደገና ጦርነት ላይ ናቸው። ደብዳቤው ግን ደረሰ፣ ታተመም። ደ ግራፍ በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ በ32 ዓመቱ ሞተ።

ሁለተኛው ዋስ ኮንስታንቲን ሃይገንስ ነው፤ ሳተርን ቀለበት እንዳላት የገለጠው የክርስቲያን ሃይገንስ አባት። ትልቅ ዲፕሎማት ነው። በዚያው ነሐሴ ለሮበርት ሁክ ጻፈለት። ሰውዬው ትምህርትም የውጭ ቋንቋም የለውም፣ ግን በተፈጥሮው ነገር ጠያቂና ታታሪ ነው የሚል ይዘት አለው። ትሕትናም፣ ትንሽ ንቀትም ያለበት ምስክርነት ነው። ግን ሠራ። ያልተማረ ሰው ያየውን ይናገራል እንጂ ከመጽሐፍ አይቀዳም ብለው የሚያስቡ ሰዎች ነበሩ፤ ለንደን ውስጥ ይህ እንደ ጥሩ ነገር ይቆጠር ነበር።

አሁን ደግሞ በዚያ መጀመሪያ ጽሑፍ ውስጥ ምን እንደነበር ይዩ። ሻጋታ፣ የንብ መንደፊያ፣ ቅማል። ሦስቱንም ሁክ በመጽሐፉ ላይ አይቷቸዋል! ለንደኖች አዲሱን ሰው በሚያውቁት ነገር መዘኑት። ከሁክ የተለየ ነገር ባለበት ቦታ ላይ ደግሞ መልሰው ማየት ይችላሉ። በ1674 ሊቨንሁክ ናሙናዎቹን ራሱ ላከ። በምላጭ የከተፋቸውን የቡሽ ስንጣሪዎችና የላም የዓይን ነርቭ ቁራጭ በትንንሽ ወረቀት ጠቅልሎ ደብዳቤው ላይ አያይዞ ሰደደ። «ካላመናችሁ ይኸው» የማለት ያህል ነው።

በመስከረም 1674 ዴልፍት አጠገብ ካለ ሐይቅ ስለቀዳው ውሃ ጻፈ። እንደ ክር የተጠቀለሉ አረንጓዴ ነገሮች አየ። በመካከላቸው የሚሽከረከሩ ትንንሽ ፍጥረታት አየ። ለንደን ውስጥ ግን እምብዛም የጮኸ ሰው አልነበረም።

ጩኸቱ የመጣው በቁንዶ በርበሬ ነው።

ሊቨንሁክ ቁንዶ በርበሬ ምላስን የሚለበልበው ለምንድነው የሚለውን ማወቅ ፈለገ። በጥቃቅኑ ውስጥ ሹል ነገር ይኖር ይሆን ብሎ። ፍሬውን ሳይፈጭ ውሃ ውስጥ ዘፈዘፈው። ሦስት ሳምንት ያህል ቆየ። ውሃው ሲተን ሁለት ጊዜ የበረዶ ውሃ ጨመረበት። ሚያዝያ 24 ቀን 1676 ሲያይ ውሃው በፍጥረት ተሞልቷል። ሹሉን ነገር ፈልጎ ባክቴሪያ አገኘ። ከበርበሬው የመጡ እንዳልሆኑ የዛሬ ሰው ያውቃል፤ በርበሬው ምግብ ሆናቸው እንጂ።

ጥቅምት 9 ቀን 1676 ረጅም ደብዳቤ ጻፈ። ለንደን በዚያን ቀን ገና መስከረም 29 ነበር፤ እንግሊዞች አሮጌውን አቆጣጠር ስላልተዉ በ10 ቀን ወደ ኋላ ናቸው። በሁለት ካላንደር መኖር ምን እንደሚመስል እኛ እናውቀዋለን። ኦልደንበርግ ደብዳቤውን ራሱ ከደች ወደ እንግሊዝኛ መልሶ በ1677 መጀመሪያ ላይ አሳተመው።

ቀያሽነቱ የሚታየው እዚህ ደብዳቤ ላይ ነው። «በጣም ትንሽ» ብሎ አያልፍም። ከእነዚህ ፍጥረታት 100ው ቢደረደሩ የአንድ ወፍራም አሸዋ ቅንጣት ርዝመት አይሞሉም አለ። እንግዲህ 100 በ100 በ100 አባዙት፤ አንድ ሚሊዮኑ ቢደመር የአሸዋዋን መጠን አይሞላም ማለት ነው። እሱ ወፍራም የሚላት አሸዋ ከ1 ሚሊሜትር ትንሽ ታንሳለች። ለ100 ሲካፈል ከ10 ማይክሮሜትር በታች ይመጣል። ዛሬ ላቦራቶሪ ውስጥ የምንለካው ባክቴሪያ የሚገኘው በዚሁ ወሰን ውስጥ ነው። እንደዚህ ዓይነት ስሌት በግምት አይገጥምም። እኔን ያሳመነኝ ከሁሉም በላይ ይህ ነው።

ለንደኖችን ግን የፍጥረታቱ ብዛት ነው ያስደነገጣቸው። እንዴት ቆጠርካቸው ብለው ጠየቁ። እሱም በጥቅምት 1677 የስምንት ሰዎችን የምስክርነት ቃል ላከ። የሃይማኖት አገልጋዮች አሉበት፣ የታወቁ የከተማ ሰዎች አሉበት። ዳጉሳ በምታክል ውሃ ውስጥ አንዱ 10,000፣ ሌላው 30,000፣ ሌላው 45,000 አየሁ ብለዋል። ዛሬ ሳይንሳዊ ጽሑፍ ላይ የቄስ ፊርማ ቢያያዝ እንስቃለን። ያኔ ግን የችሎት አሠራር ነው፤ ያልታየ ነገር በክቡር ሰው ቃል ይጸናል። ደግሞም አኃዞቹ አለመስማማታቸው ራሱ ደስ ይለኛል። ሁሉም 30,000 ቢሉ ኖሮ ተማክረዋል ያሰኝ ነበር።

ምስክሩም አልበቃም። ሶሳይቲው «እኛው እንሞክረው» አለ። የዕፅዋት ተመራማሪው ነህምያ ግሩ ሞከረ፤ ምንም አላየም። ሁክ በኅዳር መጀመሪያ ስብሰባ ላይ ቁንዶ በርበሬ ውሃውን አቀረበ፤ ምንም የለም። በሳምንቱ የተሻለ ማይክሮስኮፕና እንደ ፀጉር የቀጠኑ የመስታወት ቱቦዎች ሠርቶ መጣ፤ አሁንም የለም። ሰው ማጉረምረም ጀመረ።

እዚህ ላይ የሙያዬን ነገር ልበል። ማይክሮስኮፕ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የተቀመጠ ተማሪ የአየር አረፋ አይቶ «ሴል አገኘሁ!» ይላል። ትክክለኛው ነገር ፊቱ ላይ ሲዋኝ ግን አያየውም። ዓይን ይለመዳል። ብርሃኑ ከበዛ ፍጥረቱ ይጠፋል። ውሃው ከወፈረ ይደበዝዛል። ከሁሉ በላይ ደግሞ በርበሬው ትናንት ከተዘፈዘፈ ባክቴሪያው ገና አልተባዛም። ስለዚህ «ሞክረን አጣነው» የሚሉት ሰዎች አልዋሹም፣ ሊቨንሁክም አልዋሸም።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ኅዳር 15 ቀን 1677፣ ሁክ በዝናብ ውሃ ዘጠኝ አሥር ቀን የቆየ ቁንዶ በርበሬ ይዞ መጣ። ታዩ። ወዲያ ወዲህ ይዋኛሉ። የቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራልን የነደፈው ክሪስቶፈር ሬን ተራውን አየ፤ ግሩም አየ። ያዩት ሰዎች ስም በሶሳይቲው መዝገብ ላይ ተጻፈ። የዴልፍቱ ምስክሮች ላይ የለንደን ምስክሮች ተጨመሩ ማለት ነው።

ኦልደንበርግ ይህን ቀን አላየም። በመስከረም ሞቶ ነበር። የሚገርመው ነገር፣ የደብዳቤ ወዳጁን ሥራ ያጸናለት ሁክ የኦልደንበርግ ዋና ጠላት ነበር። በስፕሪንግ የሚሠራውን የኪስ ሰዓት ሐሳቤን ለክርስቲያን ሃይገንስ አሳልፈህ ሰጠህ ብሎ በአደባባይ ከሶታል። ሁክ ጠበኛ ሰው ነው። ግን ቁንዶ በርበሬው ላይ ሐቀኛ ሆነ፤ ያየውን አየሁ አለ።

ሊቨንሁክ በ1680 የሮያል ሶሳይቲ አባል ሆኖ ተመረጠ። በዕድሜው ሙሉ ለሶሳይቲው ብቻ ወደ 190 ደብዳቤ ጽፏል፣ ሁሉንም በደች። አንድ ቀንም ስብሰባ ላይ አልተገኘም። በ1677 መጨረሻ በወንድ ዘር ውስጥ ስላያቸው ተንቀሳቃሽ ፍጥረታት ሲጽፍ፣ ነውር መስሎ ከታያችሁ አታትሙት ብሎ አደራ አስቀምጧል። በ1683 ከጥርሱ መካከል የፋቀውን ነጭ ነገር አይቶ፣ በአንድ ሰው አፍ ውስጥ ያሉት ከአገሩ ሕዝብ ይበልጣሉ አለ። ጥርሱን በጨው የሚያጸዳ ሰው ነበር ደግሞ። በ1698 የሩሲያው ታላቁ ጴጥሮስ በጀልባ ዴልፍት ሲደርስ አስጠርቶት፣ በትንሽ ዓሣ ጭራ ውስጥ ደም ሲዘዋወር አይቷል።

ጥፋቱንም መናገር አለብኝ። የጻፈው ያየውን ነው፤ እንዴት እንዳየው ግን ደበቀ። ምርጦቹን ማይክሮስኮፖች ለእንግዳ አያሳይም። ሌንስ እንዴት እንደሚሠራ አላስተማረም። በ1723 በ90 ዓመቱ ሲሞት ዕውቀቱ አብሮት ወረደ፣ የባክቴሪያ ጥናትም ለረጅም ዘመን ፈዘዘ። ለሶሳይቲው የተናዘዛቸው 26 የብር ማይክሮስኮፖች ለንደን ደርሰው ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከዚያው ጠፉ። በጣም ያናድዳል።

የመጨረሻው ጥያቄዎ በእርግጥ ማየቱን በምን እናውቃለን የሚል ነው። በ1981 ብራያን ፎርድ የተባለ እንግሊዛዊ የሶሳይቲውን መዝገብ ቤት ሲያገላብጥ በ1674 ደብዳቤ ላይ የተያያዙትን ወረቀቶች አገኘ። የቡሹ ስንጣሪዎች እዚያው ናቸው። እጅግ ስስ ሆነው ተቆርጠዋል፤ የዛሬ ባለሙያ የማያፍርበት አቆራረጥ ነው። ከተረፉት ጥቂት ማይክሮስኮፖች ደግሞ ዑትሬኽት ያለው 270 እጥፍ ገደማ ያጎላል። ባክቴሪያ ለማየት ይበቃል።

ምስጢሩም በከፊል ተፈትቷል። የኔዘርላንድስ ተመራማሪዎች ይህንኑ ማይክሮስኮፕ ሳይፈቱት በኒውትሮን ጨረር አንስተው ውጤቱን በ2021 አሳተሙ። ሥራው የተሠራው ዴልፍት በሚገኘው የምርምር ሪአክተር ነው። ሌንሷ ተሞርዳ የተሠራች ሳትሆን ቀልጣ የተድቦለቦለች የመስታወት ጠብታ ናት፤ የተንጠለጠለችበት የመስታወት ክር ቅሪት እንኳ አልጠፋም። ይህን አሠራር ሁክ በ1665 በመጽሐፉ መቅድም ላይ ለማንም ሰው ጽፎት ነበር። እሱ ራሱ ግን ብዙ አልተጠቀመበትም። በ1678 እንደጻፈው፣ ነጠላ ሌንስ አጥርቶ ያሳያል፤ ግን ዓይኑን ጎድቶታል።